ግልባጭ ያልደረሳቸው ዓሦች

የሸንተራ ወንዝ ጥቅምት ሦስት ቀን ሥፍራውን እንዲለቅ በደብዳቤ ታዘዘ፤ ጥቅምት አራት ቀን ጠዋት ለቀቀ። ደብዳቤው ቁጥርና ማኅተም ነበረው። ወንዙ ደግሞ ሰው አስቸግሮ የማያውቅ፣ በአቅሙም ትንሽ ወንዝ ነበር። ምንም ሳይከራከር ውኃውን ሰብስቦ ወደ መጣበት ተራራ ወጣ።

ዓሦቹ ግን አልሄዱም። በደረቁ ድንጋይ ላይ፣ ቀድሞ ውኃው በነበረበት ልክ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ከፍ ብለው አየር ላይ ቆመው ጅራታቸውን ያወዛውዛሉ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው አዙረዋል። ትራውት የሚባለው ዓሣ ድሮም እንዲህ ነው፤ ውኃ ለሚመጣበት ጀርባውን አይሰጥም።

እኔና ታላቅ እኅቴ ዘርፌ ደብዳቤውን ደግመን አነበብነው። ግልባጭ ለመሬት፣ ለውኃ፣ ለጸጥታና ለመዝገብ ቤት ተደርጓል። ለዓሦች አልተደረገም።

«እና ማን ነገራቸው?» አለች እትዬ ዘርፌ። «ደግ አደረጉ። አይሂዱ!»

ነገሩ ያንገበገበን በቤቱ ምክንያት ነው። ከእናታችን የቀረልን ሁለት ክፍል ቤት ነው። የይዞታ ደብተሩ ላይ አዋሳኞቹ ተጽፈዋል፦ በሰሜን ሐጂ ቃሲም፣ በደቡብ መንገድ፣ በምዕራብ አቶ ልሳኑ፣ በምሥራቅ ወንዝ። የመሬት ልኬታ ሲመጣ አዋሳኝ ሁሉ በድንበሩ ላይ መገኘት አለበት። አዋሳኝ የጎደለው ይዞታ ክፍት ይባላል፤ ክፍት የተባለው ደግሞ ለቱሪስት ሎጅ ይሰጣል። ወንዙን ያስነሡት ለዚህ ነበር። ልኬታው ለዓርብ ከሰዓት በኋላ ተቀጠረ። በጣም ተናድጄ ነበር፤ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ።

ዓርብ ጠዋት የዓሣ ማጥመጃ መቃዬን ይዤ ወረድኩ። ከአውራ ዶሮ አንገት የነቀልኩትን ላባ መንጠቆ ላይ በክር አስሬ ዝንብ የሚመስል ማታለያ ሠርቻለሁ። ከትልቁ ድንጋይ በታች ቆሜ ወደ ላይ ወረወርኩት። ዝንቡ አየሩ ላይ አርፎ እየተንሳፈፈ ወደ እኔ ወረደ። ድንጋዩን አልፎ ሁለት ክንድ ያህል እንደሄደ አንዱ ዘሎ ዋጠው። መቃው ጎበጠ፣ ክሩ ተወጠረ። እጄ ሲገባ እርጥብ ነበር። ጀርባው ቡናማ፣ ጎኑ በቀያይ ነጠብጣብ የተሞላ፣ የእያንዳንዷ ነጥብ ዙሪያ ነጣ ያለ ነው። እንዲህ ሦስት ያዝኩ። አራተኛው ከስንዝር ስለሚያንስ ወደ አየሩ መለስኩት።

ሆዳቸውን ቀድጄ አጸዳሁ። እትዬ ዘርፌ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ቀባቻቸው፣ ዱቄት ነሰነሰችባቸው፣ ዘይቱ ሲግል መጥበሻው ላይ አስተኛቻቸው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ጭንቅላታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ። በማንኪያ መለሰቻቸው። ተመልሰው ዞሩ።

«እንደ እማዬ ግትር ናቸው» አለችና እንዳሻቸው ተወቻቸው።

ለኪው አቶ ተካልኝ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን ደጅ ጠርጎ ነው የገባው። ሐጂ ቃሲም በሰሜን፣ አቶ ልሳኑ በምዕራብ ቆመዋል።

«የምሥራቁ አዋሳኝ የታለ?» አለ ለኪው።

«እናንተ አይደላችሁ ያባረራችሁት?» አልኩት።

«እንግዲያው ክፍት ነው» አለና ብዕሩን አወጣ።

እትዬ ዘርፌ ሳህኑን አቀረበችለት። «መጀመሪያ ብላ፣ ልጄ። ከቤቴ ሳትቀምስ አትጽፍም።»

«ዓርብ ነው እኮ፣ እናቴ። ጾመኛ ነኝ።»

«ሰዓቱ ደርሷል። ዓሣ ደግሞ የጾም ነው።»

አቶ ተካልኝ ትንሽ አሰበ። ዓሣ ከውኃ ስለሚወጣ የንስሐ አባቱም እንደፈቀዱለት ነገረን። ከዚያ ሦስቱንም በላ። ቆዳው እየተንኮሻኮሸ፣ ሥጋው እየተላቀቀለት እስከ ጅራቱ አጸዳቸው። አጥንታቸውን ሳይሰባብር ሳህኑ ላይ ደረደረና እጅ ይባርክ አለ።

«ከውኃ የወጣ ነው አልክ?» አለች እትዬ ዘርፌ።

«ዓሣ ከውኃ እንጂ ከየት ይወጣል?»

«ከየትኛው ውኃ?»

አጥንቶቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ውኃ ከሌለ የበላኸው የአየር ሥጋ ነው፤ ጾምህን ገድፈሃል። ውኃ ካለ ደግሞ አዋሳኜ ቆሟል። አንዱን ምረጥ።»

አቶ ተካልኝ በመስኮት ወደ ምሥራቅ ተመለከተ። ዓሦቹ ጅራታቸውን ያወዛውዛሉ። ግንባሩን ጠረገና ቅጹ ላይ ጻፈ፦ በምሥራቅ፣ ወንዝ፤ ተገኝቷል። ፈረመም።

በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ለእናንተ ብዬ ነው የምነግራችሁ» አለ። «ሰኞ የሎጁ ዶዘር ይመጣል። ዶዘር አይጾምም።»

እትዬ ዘርፌ ሰኞ ጠዋት ጫማዋን አውልቃ በር ላይ አስቀመጠች። ወደ ወንዙ አልጋ ወርዳ ከትልቁ ድንጋይ ጎን ቆመች፣ ፊቷንም ወደ ተራራው አዞረች። «እኔም ግልባጭ አልደረሰኝም» አለች። ተከተልኳት። ሐጂ ቃሲምና አቶ ልሳኑም ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ።

ዶዘሩ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ማንም አልዞረም። ሁለተኛም ነፋ። የእትዬ ዘርፌ ነጠላ ያለ ነፋስ ወደ ታች፣ ወደ ቆላው ተወጠረ። ጉልበቴ ላይ ብርድ ተሰማኝ። ቁልቁል ስመለከት የአራታችንም እግር ከድንጋዩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነበር፤ እንዳንወሰድ እግራችንን ቀስ እያልን ማወዛወዝ ጀመርን።

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ያን ጊዜ የዓርቡ ሦስት አጽሞች በቤቱ መስኮት ወጡ። እየዋኙ መጥተው ከእኅቴ ጉልበት አጠገብ ቆሙ፣ ባዶ ጭንቅላታቸውንም ወደ ተራራው አዞሩ።