በሀዋዬ እግር

ደግሞ ግራውን፣ ቀስ፣ ሀዋዬ ግራ እግሯን አታጥፈውም፣ ስለዚህ ረዲያም አታጥፈውም፣ ጉልበቷን እንደ እንጨት ገትራ በወንዙ ዳር ትራመዳለች፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል? አያንሸራትትም፣ ደግ፣ አሁን ደግሞ ፋጡን ልሁን፣ ዓይኗን ታጠብባለች፣ ፋጡ ጥላን ከጉድጓድ አትለይም፣ አልሐምዱሊላህ፣ እስካሁን ጉድጓድ የለም። ሰው ቢያየኝ ምን ይላል። የፈለገውን ይበል።

በኤደኑ የስደተኞች ሰፈር በበሳቲን ስንት ጎረምሳ እያለ መንገዱን እንድታይ የተላከችው እሷ፣ አልተላከችም እንዲያውም፣ ራሷ ናት እኔ አየዋለሁ ያለችው፣ ከኤደን እስከ ላሕጅ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር፣ ለነዚያ የሰው ቤት ሲጠርጉ ላረጁ የወሎ ሴቶች፣ ለሀዋዬ፣ ለፋጡ፣ ለሌሎቹም፣ ፉቁም ጠረፍ ላይ ከጀልባ ከወረዱ ወዲህ ከባሕር በቀር ውሃ ላላዩ፣ ኧረ የሚሄድ ውሃ እንይ ብላ ነገሩን የጀመረችው ሀዋዬ ናት፣ ልጇ ሲራጅ ግን ፊቱን አጨማደደ፣ እንደ አክስት ኻላ ነው የሚላት፣ ኻላ ረዲያ፣ እናቴ አንዴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል፣ አንድ መጥፎ ቦታ ካለ አትሄድም፣ እሷ ካልሄደች ደግሞ ማን ይሄዳል፣ ማንም አይሄድም።

ይኸው መጥፎው ቦታ።

ዳሩ ተንዷል። ጎርፉ መንገዱን ገምሶ ወስዶታል፣ የቀረው አንድ እግር እንኳ የማያስቆም ጠርዝ፣ ከሥሩ ድፍርስ ውሃ፣ በወዲህ በኩል የማንጎ እርሻ፣ አጥር፣ የተቆለፈ የቆርቆሮ በር። ያ ረቢ። ልመለስ? ተመልሳ ምን ልትል፣ አይቻልም ልትል፣ ሲራጅም ብዬ ነበር ሊል። አይሆንም። በሩን በመዳፏ ትደበድበዋለች።

የወጣው ሽማግሌ ሽርጡን እያጠበቀ ከላይ እስከ ታች ያያታል፣ ቅድም ስታነክሺ አይቼሻለሁ፣ አሁን ቀጥ ብለሽ ቆመሻል፣ ምንድን ነሽ አንቺ? ሳቋ ሊያመልጣት ነው፣ ዐሚ፣ አባቴ፣ ያነከስኩት ለሌላ ሰው ነው፣ ለማን? ለጓደኛዬ፣ አርጅታለች፣ መንገዱ ይሆናት እንደሆነ እየሞከርኩላት ነው። ከዚያ ያ ጥያቄ፣ ኤደን፣ ክሬተር ገበያ ውስጥ፣ በየደረጃው፣ በየበሩ ዕድሜዋን ሙሉ የተጠየቀችው፣ የማን ቤት ሸጋላ፣ የማን ገረድ ነሽ፣ ማን ላከሽ?

ድሮ ቢሆን አንገቷን ሰበር አድርጋ የእመቤቷን ስም ትጠራ ነበር፣ አሁን አንገቷ አልሰበርም አለ፣ ማንም አልላከኝም፣ ይላል አፏ፣ በጠራ የኤደን ዐረብኛ፣ ሴቶች አሉኝ፣ የምመራቸው እኔ ነኝ፣ ፍሬህን አንነካም፣ ግን በእርሻህ ካላሳለፍከን ወንዙን አያዩትም። የምመራቸው። ከየት መጣ ይሄ ቃል፣ አፍ ውስጥ ደስ ይላል።

ሽማግሌው ጢሙን ያካል። ሚስቴንም ጉልበቷን ያማታል፣ ኢሳም እባላለሁ፣ ቁልፉን ከወገቡ ይፈታል፣ ተፈደሊ፣ ግቢ፣ በሷ እግር ሞክሪው።

ትሞክረዋለች። በማንጎዎቹ መሃል፣ የተደለደለ አፈር፣ ገትራ፣ ቀስ፣ ኢሳም ከኋላዋ፣ እዚያ ጋ ሥር አለ፣ ተጠንቀቂ፣ እውነተኛ አሮጊት የሆነች ይመስል ይሳሳላታል፣ ሥሩንም በአካፋ አነሳዋለሁ ይላል፣ ኢንሻአላህ፣ ከዚያ ዛፉ ያልቅና ወንዙ፣ ሰፊ፣ ቡናማ፣ ይሄዳል፣ ዋላሂ ይሄዳል፣ ዳሩ ሜዳ፣ የወደቀ ግንድ፣ ትቀመጥበታለች፣ ትነሳለች፣ ሀዋዬ ተነሳች፣ ፋጡ ተነሳች፣ ሁሉም ይነሳሉ።

ስልክ። ሲራጅ፣ መንገድ አለ፣ በሰው እርሻ ውስጥ። እርግጠኛ ነሽ ኻላ? በእናትህ ጉልበት ሄጄበታለሁ። ግርግር፣ ሀዋዬ ስልኩን ነጥቃዋለች፣ አንቺ፣ በሰው እርሻ ነው አሉ፣ ማን አስፈቀደልን? ማን ያስፈቅዳል፣ እኔ ነኛ! እልልታዋ ጆሮ ይበሳል፣ ሲራጅ ከጀርባ ይስቃል፣ እሺ በቃ፣ ትምጣ፣ ትምጣ ይላል።

ረዲያ ወገቧን ይዛ ትቆማለች፣ አሁን በገዛ እግሯ፣ ኢሳም አካፋውን ሊያመጣ ሄዷል፣ ጁምዓ ጧት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ሴቶቼን ይዤ እመጣለሁ፣ ምን አልኩ፣ ሴቶቼን፣ አዎ፣ ሴቶቼን።