የእማሆይ ሁለት ሸራዎች

ሷሊሕ የነፋስ ፓምፑን መዘውር በገመድ አስሮ መሰላሉን መውጣት ሲጀምር፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ አስማረ የመሰላሉን እግር ጨብጦ ያዘ።

“ውረድ አንተ ልጅ! ዛሬ አይሆንም።”

“ሌላ ቀን አለ እንዴ፣ አያ አስማረ? የሚቀበሩት ዛሬ አይደል?”

እማሆይ ወለተሩፋኤል ያረፉት ጎሕ ሲቀድ ነበር። ቤታቸው ከፓምፑ ዝቅ ብሎ ነው። ከጣና የሚመጣው ነፋስ የልቅሶውን ድምፅ አንዴ እያቀረበ፣ አንዴ እያራቀ ያሰማል።

ሷሊሕ የጎንደር አራዳ ልጅ ነው። ምህንድስና ሲማር ተማሪዎች ገበሬውን እንዲያግዙ ዘመቻ ታወጀና ከጓደኞቹ ጋር ወደዚህ፣ ኮላ ድባ አቅራቢያ ወዳለው ሜዳ ተላከ። ዘማቾቹ ከገበሬው ጋር ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ከባሕር ዛፍም ስድስት ክንፍ ያለው መዘውር ሠሩ። የጎደላቸው ጨርቅ ነበር። የየራሳቸውን አንሶላ ሰፍተው አራቱን ክንፎች አለበሱ፤ በአራት ሸራ የሚወጣው ውሃ ግን የሕፃን ለሃጭ ያህል ሆነ። አቡጀዲ ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ሰንብቷል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማሆይ ጥቅል ጨርቅ በብብታቸው ይዘው መጡ። ሷሊሕ ሳይፈታው አወቀው። አያቱ ሐዲጃም እንዲህ ያለ ነጭ ጨርቅ በሣጥናቸው ውስጥ ከካፉር ሽቶ ጋር አስቀምጠዋል፤ ዓመት በመጣ ቁጥር እያወጡ ፀሐይ ያስመቱታል።

“እማሆይ፣ ይሄማ መግነዝዎ ነው። አልቀበልም።”

“ምነው? ስንት ዘመን ብል ስከላከልለት ኖርሁ። እስቲ ደግሞ እሱ ለሰው ይሥራ። እግዜር ራቁቴን ፈጠረኝ፤ ራቁቴን ብሄድ አያፍርብኝም።”

ከመግነዙ የተሰፉት ሁለት ሸራዎች ከተሰቀሉ ወዲህ ከፓምፑ ሥር ያለው በርሜል እየሞላ ይፈስ ጀመር። እማሆይ አፋፉ ላይ ተቀምጠው፣ “ያቺ የኔ ናት፤ ያቺኛዋም” እያሉ ሲያዩ ይውላሉ። ሷሊሕም አጠገባቸው ሲቀመጥ መዘውሩ እንጨት መሆኑ ይጠፋበታል። ሜዳው፣ ሐይቁ፣ ከሩቅ የሚታየው ተራራ ሁሉ ከሸራዎቹ ጋር ተያይዞ በዝግታ የሚዞር ይመስለዋል።

አሁን እማሆይ መገነዣ አጥተው ተኝተዋል።

“ሰጥተዋል እኮ” አለ አያ አስማረ። “የሰጡትን ማውረድ ነውር ነው። በሰሌን ይጠቀለላሉ፤ ስንቱ በሰሌን ሄዷል! የዘመቻው ኮሚቴ ዛሬ ከጎንደር ይመጣል። በርሜሉ ሲሞላ ካላየ ለላይኛው ሰፈር ፓምፕ የሚሆን ብረት አይፈቅድም። የሞተ ሰው ውሃ አይጠማውም፣ ልጄ።”

ሷሊሕ አንድ እርከን ወጣና ቆመ። የላይኛው ሰፈር ሴቶች ዛሬም እንስራ አዝለው መገጭ ወንዝ ድረስ ይወርዳሉ።

“በል አንዱን አውርድና አንዱን ተውልን” አለ አያ አስማረ፣ እንደ ሽማግሌ ሊያስማማ።

“አንድ ወገኑ ከቀለለ መዘውሩ ይንገጫገጫል፤ ይሰበራል” አለች አብራው የዘመተችው አማረች። “ደግሞስ ሰው በግማሽ ይገነዛል?”

“አቤት! ያንቺ ምላስ ብቻውን ፓምፕ ያዞራል!”

ሷሊሕ ከላይ ሆኖ ሳቀ። ወዲያው ግን አያቱ ሣጥናቸውን ከፍተው ባዶ ሆኖ ሲያገኙት ታየው። ክዳኑን ቀስ ብለው ይመልሱታል።

መሰላሉን ጨርሶ ወጥቶ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈታ። ነፋሱ ጨርቁን ከእጁ ሊነጥቀው ታገለ። ትይዩውንም ፈታና ሁለቱን ደረቱ ላይ አቅፎ ወረደ።

አማረች ስፌቱን ተረተረች። ከልቅሶው ቤት የመጡት የእማሆይ የነፍስ አባት ጨርቁን ተቀብለው አሸተቱት።

“ምንድን ነው የሚሸተው?”

“ግራሶ ነው፣ አባ። ከመዘውሩ ነው” አለ ሷሊሕ አንገቱን ደፍቶ።

“ይሁን። ሸጋ ነው። ሲሠራ የዋለ ልብስ ነው።”

ቃሬዛው ከእማሆይ ቤት ሲነሣ ከመንገዱ ማዶ አቧራ ቦነነ፤ ከአቧራውም ውስጥ ማኪና ብቅ አለ።

“መጡ! አሁን እኔ ምን ልበላቸው?” አለ አያ አስማረ፣ ኮቱን እየቆለፈ።

ሷሊሕ መዘውሩን ያሰረበትን ገመድ ፈታ። ሁለቱ ክንፎች ራቁታቸውን እንደሆኑ አራቱ አንሶላዎች ነፋሱን ያዙ፤ መዘውሩ እንደ እንቅልፋም ዞረ። ከቱቦው አፍ ቀጭን ውሃ ወደ በርሜሉ ወረደ። ማኪናው እየቀረበ ነው።

“ሸራው ቀብር ሄዷል ይበሏቸው” አለ። “ውሃ ግን ያጠጧቸው።”

ሮጦ ለቀስተኛውን ደረሰበትና ከኋላ ከተሸከሙት አንዱን አስለቅቆ፣ ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር አስገባ።