ዓይኔን ግንባር ያርገው

የአቃቂን ባጃጆች ተራ የሚያስከብረው ሰውዬ ዓይነ ስውር ነው ሲባል፣ እንግዳ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ሹፌር ከሆነ ደግሞ ተራ ሊቀማ ይሞክራል፤ ከዚያ ወዲያ አይስቅም።

ቃልቤሳ ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሠላሳ ምናምን ባጃጅ በድምፅ ለይቶ ያውቃል። የታጁ ባጃጅ ስትነሳ ታስላለች። የሮሪሳ ሞተር ደህና ነው፣ ሸራው ነው የሚርገበገበው። ታጁ አንድ ቀን ብልጥ ልሁን ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወርዶ እየገፋ ሊያልፍ ሲል፣ «አንተ ታጁ፣ ጫማ ቀየርክ እንዴ? ተመለስ ወደ ኋላ!» አለው። ከቃልቤሳ በፊት የነበረው ተራ አስከባሪ ሁለት ጤነኛ ዓይን ነበረው። ግን ዓይን በጥቅሻ ይታለላል፤ ጆሮን ማን ይጠቅሰዋል?

ዓይኑ ከጠፋ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። እሱ ለምዶታል። ያልለመደችው ሚስቱ አደሴ ናት። እሁድ በመጣ ቁጥር ሳሪስ አቦ ሄዳ በቢጫ ጀሪካን ጸበል ይዛ ትመጣለች። ፊቱን ትረጨዋለች፣ ከዚያ ትጠብቃለች።

«አየህ?»

«አላየሁም።»

ይሄኔ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ቃልቤሳ ጸበሉን አይጠላም፤ ፈጣሪውን አክብሮ ነው የሚቀበለው። የሚጠላው ያቺን ትንፋሽ ነው። «አፍራብኛለች» ይላል በሆዱ። «የምትጠብቀው ዓይኑ የበራለትን ባል ነው። እኔ ተራ የያዝኩለት ነኝ።»

ፊልሞቹ ደግሞ ብሰው ቁጭ! አደሴ በቴሌቪዥን ፊልም ስታይ እሱ አጠገቧ ሆኖ ይሰማል። ፊልሙ ውስጥ ዕውር ካለ መጨረሻው አያመልጥህም፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ሰውየው «አየሁ! አየሁ!» ይላል፣ አደሴ ታለቅሳለች፣ በማግስቱ ጀሪካኑ ሁለት ይሆናል። አንድስ እንኳ ዕውር ሆኖ፣ ዳቦውን በልቶ፣ ስቆ የሚኖር ሰው በፊልም አይወጣም? ምን አድርገናቸው ነው?

ስለዚህ ሃሌሉያ የምትባል ወጣት የፊልም አዘጋጅ አቃቂ ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ተዋናያችንን የዓይነ ስውር አካሄድ ያስተምሩልናል?» ስትለው አላንገራገረም። የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ የፊልሙ ሰውዬ ዓይኑ እንዳይበራ። አደሴ ያንን አይታ እንድታርፍ።

ቀረጻው በባጃጅ ተራው ጎን ተጀመረ። ተዋናዩ ቀነኒሳ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ሦስት እርምጃ እንደሄደ የሻይ ቤቱን ወንበር ይዞ ተከነበለ።

«ምን እየሠራ ነው?» አለ ቃልቤሳ።

«ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ ይሄዳል» አለው ታጁ።

«ዶሮ ሊይዝ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ዓይነ ስውር ሆኖ ነው!» አለች ሃሌሉያ።

«እኔስ ምን ሆኜ ነው የተቀመጥኩት? ዞር በሉ እስቲ።»

በትሩን ይዞ ተነሳ። በባጃጆቹ መሀል አለፈ፣ ኩሬውን በበትሩ ለክቶ ተሻገረ፣ ሻይ ቤት ገብቶ ሻዩን ይዞ ጠብ ሳያደርግ ተመለሰ። ሃሌሉያ ጠጋ አለችው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… እርስዎ ዓይነ ስውር አይመስሉም።»

ታጁ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ። ቃልቤሳም ሳቀ፤ ግን ዋናውን ጉዳይ አልረሳም።

«እሺ፣ መጨረሻው እንዴት ነው? ዓይኑ ይበራል?»

«ይበራል እንጂ! ይቅር ሲባል ይበራል፤ መጀመሪያ የሚያየውም የሚስቱን ፊት ነው።»

«ተይው የኔ ልጅ። ሳይበራ ይኑር።»

«ተመልካቹ አዝኖ ይወጣላ!»

«ሰውየው ሳያዝን ተመልካቹ ምን ቤት ነው?»

«ጋሼ፣ ካልበራ ታሪኩ አይዘጋም። የታወረው እኮ በሐሰት ምሎ ነው። ሚስቱ ስታፋጥጠው «ዓይኔን ግንባር ያርገው» ብሎ ማለ፤ መሐላው ያዘው።»

ከኋላቸው አንድ ነገር መሬት ላይ ወድቆ ተንኳኳ። የምሳ ዕቃ ክዳን ሲሽከረከር ቃልቤሳ ሰማ። ያንን ምሳ ዕቃ ያውቀዋል፤ የራሱ ነው።

«ያ ዋቃዮ!» አለች አደሴ። «ቃልቤሳ፣ ነገርካቸው? ያንን ሁሉ ዘመን አውቀህ ዝም ብለህ፣ ዛሬ ለፊልም ነገርካቸው?»

«ምኑን ነው የነገርኳቸው?»

«ያስማልኩህን ነዋ!» አለች አደሴ። «ከፋብሪካ እያመሸህ ስትመጣ ሴት ይዘሃል ብዬ አስማልኩህ። «ትርፍ ሰዓት ስሠራ ነው፣ ዓይኔን ግንባር ያርገው» አልከኝ። በሦስት ወሩ ጨለመብህ። ለካ ቪዲዮ ቤት ነበር የምታመሸው፤ ጎረቤት በኋላ ነገረችኝ። ለአንድ ፊልም ብዬ፣ በገዛ አፌ አስምዬ ዓይንህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ! አሥራ ስምንት ዓመት ፈጣሪ ይቅር እንዲለኝ ነው የምለምነው።»

ቃልቤሳ በትሩን ጨብጦ ቆመ። ከሞተር ሳል ባጃጅ የሚለይ ጆሮ፣ የሚስቱን ትንፋሽ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሰማ ኖሮ ሳይገባው ቀርቷል። ያፈረችበት መስሎት ነበር። ደደብ! አለ ራሱን፤ ዕውርስ አሁን ነው የሆንከው።

«አደሴ፣ የት ነሽ? ነይ ወዲህ፣ እጅሽን ስጪኝ።»

ሰጠችው።

«ውሸቱስ ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር» አላት። «ግን ስምልልሽ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። የዓይን ግፊት ነው፣ ጊዜው አልፏል፣ ዓመት አይሞላም አለኝ። አንቺን ላለማስደንገጥ ዋጥ አደረግኩት።»

«ታዲያ ቪዲዮ ቤት ምን ትሠራ ነበር?»

«ባሕር አይቼ አላውቅማ! በረዶ የለበሰ ተራራ አይቼ አላውቅም። ሳይጨልምብኝ ዓለሙን ልይ ብዬ ነው የገባሁት፤ ፊልሙ ምን እንደሆነ እንኳ ግድ አልነበረኝም።»

ቃልቤሳ እጇን ሳይለቅ ቀጠለ።

«መሐላ ከታመመ ዓይን ጋር ምን አገናኘው? ማልኩም አልማልኩም ይጠፋ ነበር። ደግሞ ትዝ ይልሻል፣ ያን ሰሞን «መብራቱን አጥፋልኝ፣ ልተኛበት» እያልሽ ስትቆጪኝ?»

«ትዝ ይለኛል። አላጠፋም ብለህ ታበግነኝ ነበር።»

«እያየሁሽ ነበር» አላት።

ሃሌሉያ አፍንጫዋን ሳብ ሳብ አደረገች። ቀነኒሳ መነጽሩን አውልቆ ክዳኑን ከመሬት አነሳና አቀበላቸው፤ ምን ያድርግ እሱስ።

«እውነትህን ነው?» አለች አደሴ በመጨረሻ። «እኔን ለማጽናናት አይደለም?»

«እውነቴን ነው! ዓይኔን ግን—»

አፉን በመዳፏ ጥርቅም አደረገችው። «በሌላ ማል!»

«በምን ልማል ታዲያ?» አለ በጣቶቿ መሀል።

«በእኔ።»

«አደሴ ትሙት!»

ይሄኔ ሳቀችም አለቀሰችም፤ የትኛው እንደቀደመ ታጁ እስካሁን ይከራከራል። በዚያ ግርግር መሀል ሰበብ አግኝቶ ባጃጁን ከሦስት ሰው ፊት አስገብቶ ነበር፤ ቃልቤሳ ዘወር ሳይል «ታጁ፣ ሳሏን ሰምቻለሁ!» አለው።

የፊልሙን መጨረሻ በተመለከተ፣ ሃሌሉያ «እያሰብኩበት ነው» ብላለች። ታስብበት። ቃልቤሳም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠይቋት አያውቅም።

እሁድ ደረሰ። አደሴ እንደልማዷ ማልዳ ሳሪስ አቦ ሄደች። ቃልቤሳ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ የጀሪካኑን መቀመጥ ሰማ፤ ድምፁ ቀሏል፣ ትንሹን ነው የያዘችው። እንግዲህ ያው ነው ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ሰጣት። ረጨችው። ውሃው በአንገቱ ወርዶ ጀርባው ውስጥ ገባ። ጥያቄዋን ጠበቀ፣ ትንፋሿንም ጠበቀ።

«በረደህ?» አለችው።

«በረደኝ።»

«ቆይ፣ ፎጣ ላምጣልህ» ብላ ወደ ቤት ገባች።