ባለጉዳዮች በድንኳኑ ውስጥ

«አንዴ ጆሮሽን አውሺኝ፤ ብዙ አላስቸግርሽም» አለ ማሙሽ፣ ከኢሊሊ ፍራሽ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ።

ማሙሽ የሚኒባስ ሹፌር ነው። እንደ ደንቡ ቢሆን ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ከቀረበለት ንፍሮ ጥቂት ይዘግናል፤ ሲነሣም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይሄዳል። እሱ ግን ንፍሮውን በመዳፉ እንደ ያዘ፣ «ባለመኪናው ገቢ ጨምር እያለ አስጨንቆኛል። ልተወው ወይስ ልታገሥ?» ሲል አንሾካሾከ።

ኢሊሊ አባቷን ቀብራ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠች ሐዘንተኛ ናት። ዛሬ ሠልስት ነው። ነገር ግን ልማድ ሆነባትና ፊቷን ወደ እሱ መለሰች።

«አንተስ ምን ይመስልሃል?»

በዚህ ጥያቄ እንጀራዋን የምታበስል ሴት ናት። ሰዎች ከኑሯቸው ጋር ሲጣሉ እየመጡ ያማክሯታል፤ እሷም መልሳ እነሱኑ ትጠይቃቸዋለች። ከማሙሽ ኋላ ሌሎች በአግዳሚው ላይ ተደርድረው ይጠብቁ ነበር። ከቀብር ማግስት ጀምሮ ነገሩ እንዲሁ ነው።

የዕድሩ ሴቶች አስተባባሪና የቅርብ ጎረቤቷ እትዬ ጥሩብርሃን፣ በመጀመሪያ እነዚህን እንግዶች አይተው ተደንቀው ነበር። ተጠግተው የሚያንሾካሹኩትና የሚተክዙት በሟቹ ሐዘን ተጎድተው መስሏቸው ነበር። ነገሩ የገባቸው ዘግይቶ ነው።

«ልጄ፣ ይህ ለቅሶ ቤት ነው ወይስ የወረዳ ጽሕፈት ቤት? ወረፋ ተያዘ እኮ!»

«ምን ላድርግ፣ እትዬ? ሰው ተጨንቆ ሲመጣ እንዴት ብዬ ልመልስ?»

«አንቺስ? ድንኳኑ ሊነሣ ነው፤ እርምሽን ግን አላወጣሽም። እኔ አንዲት እንባ አላየሁም።»

ኢሊሊ ስንቱን ሰው «አልቅስ፣ ይቅለልህ» ብላ አስለቅሳለች፤ የራሷ ዓይን ግን ደርቆ ቀርቷል። አባቷን እንዲህ በደረቅ ዓይን መሸኘቷ፣ ሳትናገረው፣ ያስፈራት ነበር።

አባቷ አቶ ገሜዳ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። መኪናቸው ተገልብጦ አንድ እግራቸው ከተቆረጠ በኋላ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ በሚገኝ አንድ የተሐድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግር ተሠራላቸው። አልነካም አሉ። አማካሪ በመጣ ቁጥር «አንተ በሁለት እግርህ ቆመህ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» እያሉ ያባርሩ ነበር። አንድ ቀን፣ ያኔ ተማሪ የነበረችው ኢሊሊ፣ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ባዶውን ቦታ ሲያክ አየች።

«አባዬ፣ የማንን እግር ነው የምታከው?»

«የሌለውን!» አሉና ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። በማግስቱ እግሩን አምጡልኝ አሉ።

ኢሊሊም ሙያዋን ያገኘችው በዚያ ሣቅ ውስጥ ነው። ተምራ በዚያው ማዕከል አማካሪ ሆነች፤ ለብዙ ዓመታትም ሠራች። አንድ ቀን ግን እግር ተገጥሞላት የምትሰናበት ወጣት፣ በር ላይ ቆማ «ይኸው መራመድ ችያለሁ። አሁን ወዴት ልሂድ?» ስትል ጠየቀቻት። የማዕከሉ ሥራ እዚያ በር ላይ ያበቃል። ጥያቄው ግን ኢሊሊን ተከትሎ ቤቷ ገባ፤ እንቅልፍም ነሣት። በመጨረሻ ደመወዟን ትታ፣ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየችና «የግል ሕይወት አሠልጣኝ» የሚል ታፔላ ሰቀለች።

አቶ ገሜዳ በዚያን ጊዜ ከፎቁ ሥር፣ ፌርማታው አጠገብ፣ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው። ታፔላውን ቀና ብለው አነበቡ።

«እኔ እግሬ ተቆርጦ ነው ምክር የሰማሁት። የእነዚህ ምናቸው ተቆረጠ?»

«ተስፋቸው ይሆናላ፣ አባዬ።»

«እሱንም በፕላስቲክ ሠርታችሁ ልትገጥሙላቸው ነዋ!»

መጀመሪያ ላይ ዝንብ እንኳ ዝር አላለባትም። ኋላ ግን ሰው አንድ አንድ እያለ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ታፔላው ሠራልኝ ብላ ኮራች።

አሁን ማሙሽን እያየች ይህን አስታወሰችና፣ «ለመሆኑ መጀመሪያ ስለ እኔ ማን ነገረህ?» አለችው።

«ጋሽ ገሜዳ ናቸዋ! ማስቲካ ስገዛ ተንፍሼ ኖሮ፣ ‹አንተ፣ ጎማ ነህ እንዲህ የምትተነፍሰው? ልጄ ጋ ውጣ!› አሉኝ። እንዳልነግርሽም አስምለውኛል።»

ኢሊሊ ወደ አግዳሚው ዞረች። «እናንተስ?»

«እኔንም እሳቸው ናቸው» አለች ሃና የምትባል፣ በእጮኛዋ ጉዳይ የምትመላለስ ወጣት። «ሳሙና ልገዛ ሄጄ።»

ልብስ ሰፊው ኢብራር ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔን እንኳ በግድ ነው። ችግር የለብኝም ብላቸው፣ ‹ውጣ ብዬሃለሁ፣ ልጄ ትፈልግልሃለች› አሉኝ። እውነትም አገኘችልኝ!»

ድንኳኑ በሣቅ ተናጋ። ኢሊሊም ሳቀች። ደረጃው ቀጥ ያለ ስለነበር አባቷ አንድም ቀን ወጥተው ክፍሏን አላዩም፤ ታች ተቀምጠው፣ በእሳቸው እግር ፈንታ ሰው ይልኩላት ኖሯል። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ተራው የደረሰው ኢብራር ጠጋ አለ። «የእኔ ጉዳይ እንኳ አጭር ናት…»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው። «እኔ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነኝ።»

«አባዬ!» ስትል ጩኸቷ ከማዞሪያው የመኪና ጥሩምባ በላይ ተሰማ። ድንኳኑን ሊያፈርሱ የመጡት የዕድር ሰዎች ገመድ መፍታት ጀምረው ነበር።

«ተዉ፣ አትፍቱ!» አሏቸው እትዬ ጥሩብርሃን፣ የራሳቸውን እንባ እየጠረጉ። «ገና አሁን ጀመረች።»

ማሙሽ ያጠፋ መስሎት ተነሣና፣ እንደ ደንቡ፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሊላት ጎንበስ አለ። ኢሊሊ በአንድ እጇ ነጠላዋን ፊቷ ላይ እንደ ያዘች፣ በሌላው የጃኬቱን እጅጌ ጨብጣ ወደ ታች ሳበችው።

«አትሂድ። አባዬ ሌላስ ምን አለህ?»

ማሙሽ ተመልሶ ቁጢጥ አለ። መናገር ሲጀምርም እጅጌውን አልለቀቀችውም።