የታንታሎስ ዘር በሚዛን

ሔዋንን ለቴዲ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ጠጥተው፣ መርቀው፣ ሠርጉን ቡና ለቀማው ሲያልቅ እንዲሆን ቆርጠው ወጡ። ወይዘሮ ሰርካዲስ በፈገግታ ሸኘቻቸው እንጂ ሆዷ አልተረታም። ቴዲን ከመጀመሪያውም አላመነችውም፤ ዘሩን ሲቆጥር ደግሞ ጭራሽ ጠረጠረች።

"ይትባረክ፣ አትሬዎስ፣ ጴሎጵስ፣ ታንታሎስ..." እያለ ሰባት ቤት ሞላ። ሽማግሌዎቹ የክርስትና ስሙ ብዛት ደንቋቸው የካህናት ዘር ሳይሆን አይቀርም አሉ። ሰርካዲስ ግን ዕድሜ ልኳን ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም፣ ታንታሎስ የሚባል ጻድቅ ሲነግሥ አልሰማችም።

ደግሞስ ማን እንደ እሷ ይጠርጥር? የውሸት ዘር እንዴት እንደሚሰፋ ታውቃለች። ሔዋንን በሰማንያ ሦስቱ ግርግር፣ ከቴፒ የተፈናቃዮች መጠለያ፣ የእኔ ናት የሚል የጠፋላት ጨቅላ ሳለች ነው ያነሳቻት። ለአገሩ ሁሉ ግን "የሟቹ ወንድሜ የካሣዬ ልጅ ናት" ብላ፣ የማጂውን ፊታውራሪ፣ የራሷን ቅድመ አያት፣ አውርሳ አሳደገቻት። ለሽማግሌዎቹም ያንኑ ሳትደናቀፍ ቆጠረችላቸው። ሔዋን ይህን አታውቅም። ካወቀች ጥላኝ ትሄዳለች ብላ ሰርካዲስ ሃያ ዓመት ስትፈራ ኖራለች።

በማግስቱ የታሪክ መምህር የሆነውን ዕጩ አማቿን ቴዲን ብቻውን አስጠራችው።

"ታንታሎስ የየት አገር ሰው ነው?"

ቴዲ ጫማው ላይ ወዳለው ጭቃ አቀረቀረ።

"የግሪክ፣ እትዬ። የጥንት ተረት ነው። ትልቅ የመኳንንት ቤት ነበሩ። ታንታሎስ የገዛ ልጁን ጴሎጵስን አርዶ ለአማልክት ግብር አቀረበ፤ ልጁ ግን ከሞት ተነሣ። የጴሎጵስ ልጅ አትሬዎስ ደግሞ የወንድሙን ልጆች አርዶ ለወንድሙ አበላ።"

"ስንት ደግ ሰው ባለበት ዓለም፣ መርጠህ የተወለድከው ከእነዚህ ነው?"

"ስማቸው የጻድቃን ስለሚመስል ነው። የራሴን አላውቅም። ይትባረክም ያሳደጉኝ ሰው ናቸው። በሰማንያ ሦስት ከቴፒ መጠለያ ነው ያነሡኝ፤ ያኔ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው።"

ያዝኩት ብላ የነበረችው ሰርካዲስ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ብቻህን ነበርክ?"

"አላስታውስም።"

"እናት? እህት?"

"ምንም አላስታውስም፣ እትዬ።"

ግንባሩን አየች፤ አፍንጫውን፣ የጆሮውን አቀማመጥ። ሔዋንን እየፈለገች ነበር። አንዴ ታገኛታለች፣ መልሳ ታጣታለች።

እሱ የፈራው ሌላ ነው። "እባክዎ አይንገሩብኝ" አለ። "የሔዋን ዘር ጥርት ብሎ ይታወቃል። ለልጆቻችን የእሷ ይበቃቸዋል።"

በግሪኮቹ አሳብባ ልታባርረው፣ ምሥጢሯን ይዛ ልትቀር አሰበች። ሔዋን ግን ተከትላው እንደምትጠፋ ታውቃለች።

ከጓዳ ጠራቻት። ልጅቷ እጇን እያደራረቀች ወጣች፤ ቴዲን ስታይ ፈገግ አለች።

"እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ" አለቻት ሰርካዲስ። "እኔ አክስትሽ አይደለሁም።"