የሉጥፊያ ዋስ

ፎቁ ከመሠራቱ በፊት ፀሐይ የሉጥፊያን ግቢ የምታገኘው ገና በአንድ ሰዓት ነበር። አሁን በምሥራቅ በኩል የተገተረውን ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንጻ ተሻግራ እስክትመጣ አራት ሰዓት ይሆናል፤ እስከዚያ ግቢው ጥላ ነው። ሉጥፊያ በዚህ አታማርርም። «በካርቱም ሙቀት ጥላ በነፃ ለሰጠን ጎረቤት አላህ ይስጠው» ትላለች። የትኛው ጎረቤት እንደሆነ ግን አታውቅም፤ ከፎቁ ነዋሪዎች የአንዱንም ስም አታውቅም።

ያን ዓርብ ጠዋት ማዘንጊያ በጥላው ውስጥ ቆማ ነጠላዋን አጣፋች። እዚያው ካርቱም ሪያድ ሰፈር በሰው ቤት ምግብ እያበሰለች የምትተዳደር፣ ሃምሳውን ያለፈች ሴት ናት። በዚህ በአርካዊት ሰፈር ግቢ ጥግ ያለችውን አንዲት ክፍል ከተከራየች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ኪራይ የሚባለው ነገርም ቀስ በቀስ ተረስቶ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ መድኃኒት የምትገዛበት ኑሮ ሆኗል። ዛሬ የሐበሾቹ ዕድር ስብሰባ አለ፤ ማዘንጊያም ጉዳይ ይዛለች።

ሉጥፊያ የሱዳን ሴቶች የሚጎናጸፉትን ቶቧን እየሰበሰበች ከደጃፏ ብቅ አለች። ሰባኛ ዓመቷን ይዛለች። በእጇ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ።

«የቤተሰቤን ዝርዝር ብለውሻል አይደል? ይኸው። ያላ፣ እንዳታረፍጂ።»

ማዘንጊያ ተቀብላ በቦርሳዋ ከተተችው። ዐረብኛ እንደ ውኃ ትጠጣለች፣ ማንበብ ግን አልሆነላትም።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ባዬ የሞተ ጊዜ ነው። ባዬ ሲሚንቶ እየተሸከመ የሚያድር፣ በካርቱም አንድ ዘመድ የሌለው ሰው ነበር። ዕድሩ በመንገዱ ላይ ሰማያዊ ድንኳኑን ተከለለት፣ ብረት ድስቱን ጣደለት፣ ሦስት ቀን ሙሉ መቶ ሰው ተቀመጠለት። ሉጥፊያ ማዘንጊያን ተከትላ ለቅሶ ደርሳ ይህን ሁሉ አየች።

«ድሮ እኛም ጋ እንዲህ ነበር» አለች ወደ ቤት ሲመለሱ። «ሰው ሲሞት ሠፈሩ ጠሪ አይፈልግም ነበር። አሁን ጎረቤቶቼ ሁሉ ሸጠው ሄዱ፤ የመጡትን አላውቃቸውም፣ እነሱም አያውቁኝም። ወላሂ፣ የፎቁ ዘበኛ ነው ለልጆቼ ሞቴን የሚደውልላቸው። እናንተ በዕድራችሁ ከተቀበላችሁኝ ቤቴን አልሸጥም፣ እዚሁ እሞታለሁ። እንቢ ካላችሁኝ ግን በማግስቱ ለደላላው ፈርሜ ሳዑዲ፣ ደማም፣ ልጆቼ ጋ እሄዳለሁ።»

ቤቱ ከተሸጠ የማዘንጊያም ክፍል አብራ ትፈርሳለች። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አላነሱትም።

ያን ዓርብ ማዘንጊያን ያሳፈራት የባጃጅ ሹፌር ከዳርፉር ከመጣ ሁለት ወሩ ነበርና መንገዱን የምትመራው እሷ ሆነች። «እዚህ ጋ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበረ፣ በሶርያዎቹ ዳቦ ቤት ታጠፍ፣ ከፋርማሲው ቀጥሎ ያለው አዲሱ ፎቅ ጋ አቁም» ትለዋለች። «ሐበሻዋ ካርቱምን ታስተምረኝ ጀመር!» ብሎ ሳቀ። ማዘንጊያም ሳቀች። ይህ ማለቂያ የሌለው የግንባታ አቧራ ልብሷን ቢያበላሽባትም ከተማውን አልጠላችውም። ሰው ሲበዛ ደስ ይላታል፤ በልቶ የሚያመሰግን አይጠፋም።

ስብሰባው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። የዕድሩ ዳኛ አቶ ገብረየስ ድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ዛሬ ደግሞ ደንቡን እንደ መሪ በሁለት እጃቸው ጨብጠው የሚነዱ ሰው ናቸው። ማዘንጊያ ቆማ ጉዳዩን ተናገረች። አዳራሹ ተንጫጫ።

«የአገሩ ልጅ እኮ ናት» አለ ልብስ ሰፊው ጸጋዬ። «ሞተች ሲባል ወገኗ በሎሪ ተጭኖ ይመጣል። እኛ ያለን አንድ ድንኳን፤ ምን እናደርግላታለን?»

«ምግቡስ? ድስታችን የኛ ሥጋ የተቀቀለበት ነው» አለች ሌላዋ።

«ምስር ይቀቀላል» አለች ማዘንጊያ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጾሙ የኔን ምስር ስትበላ ኖራለች፤ እንዲያውም ጨው አነሰው ትለኛለች።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አቶ ገብረየስ አልሳቁም።

«ወይዘሮ ማዘንጊያ፣ ቤቱ ቢሸጥ እርስዎስ የት ይገባሉ?»

የፈራችው ጥያቄ ይህ ነበር። አላሰብኩበትም ማለት ትችል ነበር።

«መግቢያ የለኝም» አለች። «ለራሴም ብዬ ነው የመጣሁት፣ አልዋሻችሁም። ግን ሐጃ ሉጥፊያ ብትሄድብኝ የምቸገረው ለቤቱ ብቻ አይደለም።»

አቶ ገብረየስ ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ የ2014 ዓ.ም.ን መዝገብ ገለጡ። «ደንባችን ሱዳናዊ አይግባ አይልም፤ ሙስሊምም አይግባ አይልም። የሚለው፣ አምስት ዓመት የቆየ አባል ዋስ ይሁን፣ የቤተሰብ ዝርዝር ይቅረብ ነው።» በዋስ መስመር ላይ «ማዘንጊያ» ብለው ጻፉና ወረቀቱን ተቀበሉ። ዐረብኛ መሆኑን ሲያዩ እዚሁ ተወልዳ ላደገችው ልጃቸው ለቤቲ ሰጧት።

ዝርዝሩ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያ ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው ሲሞት ድንኳኑ በአባሉ ደጃፍ ይተከላል፣ አባሉም ሐዘንተኛ ሆኖ ይቀመጣል። ማዘንጊያ ስትመዘገብ እናት አባቷ አልፈው፣ የወለደችውም ስላልነበረ፣ በቤተሰብ መስመሯ ላይ «የለም» ተብሎ ነበር የተጻፈው። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ያቺ አንድ ቃል ስትከነክናት ነበር።

«አንደኛ፣ ልጅ፣ ነጂብ» ብላ ቤቲ አነበበች። «ሁለተኛ፣ ልጅ፣ ሙስዐብ። ሦስተኛ...» ቀና አለች። «ኡኽት። እህት ማለት ነው አይደል፣ ባባ? እህት፣ ማዘንጊያ።»

ማዘንጊያ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። ስትሞት ያ ሰማያዊ ድንኳን በማን ደጃፍ እንደሚተከል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳታውቅ ኖራ፣ ዛሬ በአንዲት ልጅ አፍ ሰማችው።

አቶ ገብረየስ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«እንግዲህ ችግር አለ» አሉ። «ቤተሰብ ለቤተሰብ ዋስ አይሆንም። ደንብ ነው።»

ማስመሪያቸውን አስተካክለው አሁን የጻፉትን ስሟን በአንድ መስመር ሰረዙት። ሉጥፊያ የቤቷ ሰው አድርጋ ስትጽፋት፣ ያለቻትን አንድ ዋስ በገዛ እጇ አጣች።

አቶ ገብረየስ ብዕሩን ሳያስቀምጡ ወደ ሰዉ ቀና አሉ።

«ሌላ ዋስ የሚሆን?»

ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የሲሚንቶ ማደባለቂያ ይሽከረከራል። ማዘንጊያ ዞራ ለማየት ድፍረት አጣች። ከበስተኋላዋ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ተንቋቋ። ወዲያው ከግድግዳው በኩል ሌላ። ከዚያ ከፊት ረድፍ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ብድግ አሉ፤ አንደኛው ጸጋዬ ነበር።

«ቀስ በሉ እንጂ» አሉ አቶ ገብረየስ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። «መስመሩ የሚይዘው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው።»