የካሳው ስልክ

ሲራክ ሊያገባኝ ሲል ስልክ ገዛልኝ። ኢሜይሉን ራሱ ከፈተው፣ የይለፍ ቃሉንም ራሱ ያዘው። እዚህ አገር ማን የራሱን ኢሜይል ይከፍታል? ወይ ስልክ ሻጩ ይከፍትልሻል፣ ወይ የሚወድሽ ሰው። ለእኔ የሚወደኝ ሰው ከፈተልኝ፤ ዘመዶቼም «አሳቢ ነው» ብለው መረቁት።

ከተጋባን በኋላ ያው ኢሜይል አጥር ሆነብኝ። ከብስራተ ገብርኤል ታክሲ ስሳፈር ሲራክ ቢሮው ተቀምጦ በዚያው ኢሜይል ገብቶ ስልኬ ያለበትን በካርታ ያያል። ገበያ ከቆየሁ ይደውላል። ጎፋ የስፌት ሥልጠና በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን «እዚያ ሕንፃ ውስጥ ምን አለሽ?» አለኝ። ነገርኩት። «የእኔ ሚስት የሰው ጨርቅ አትለካም» አለ፤ በቃ፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ያን ሥልጠና ጨርሼ የራሴን የስፌት መኪና ካላስቀመጥኩ እንቅልፍ የለኝም።

ከማሠልጠኛው ሥር ፍሮምሳ የሚባል ስልክ ጠጋኝ አለ። ጉዳዬን ስነግረው «ካርታውን ብቻ ብታጠፊው ኢሜይሉ እዚያው ስላለ መልሶ ያገኝሻል፤ ከሥሩ መንቀል ነው» አለኝ። ስልኩ ላይ የነበረውን ሁሉ አራግፎ ስልኩን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ስርዓት ጫነበት። በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበው የሠሩት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ፣ «ኢሜይል አስገቢ» ብሎ የማያስጨንቅ ነው። የካርታውና የመልእክቱ መተግበሪያም እንደዚያው። ስልኩ በርቶ ምንም ሳይጠይቀኝ ሲከፈት ብቻዬን ሳቅሁ።

ሲራክ «ካርታው ላይ ጠፋሽብኝ» ሲለኝ «ኔትወርክ ነዋ!» አልኩት። በዚህ ከተማ ኔትወርክ የማይሸከመው ኃጢአት የለም። እሱ ሲያምን እኔ ጉርድ ቀሚስ ቆርጬ ሰፋሁ፣ ኪስ ማስገባት ተማርኩ። አንዳንዴ ከሥልጠና ስወጣ ያለ ምንም ጉዳይ እስከ ነፋስ ስልክ በእግሬ እሄድ ነበር። ማንም አያየኝም ብዬ ደስ ይለኛል።

አንድ እሑድ ሻወር ገብቼ ሳለ ሲራክ ስልኬን አንስቶ ከፈተው፤ ኢሜይሉ የለም። ጩኸቱን ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ሽማግሌ ይቀመጥልኝ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ሞኝ! ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሽ ቦጋለ ይፈርዱልኛል ብዬ።

የንስሐ አባታችን አባ ልዑልቃል ስልኬን አገላብጠው አዩት። «ምንድን ነው የጫንሽበት፣ ልጄ?»

«ነፃ ስርዓት ነው፣ አባቴ።»

«ከማን ነው ነፃ የሚሆነው?»

ሲራክ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ላየው ሰው እሱ ነው የተበደለው። ጋሽ ቦጋለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሚያሳፍር ቦታ ካልሄድሽ ቢያይሽ ምን ትሆኛለሽ?»

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎን ቀኑን ሙሉ የሚያይዎት ሰው ይኑር!»

«እኔማ ወንድ ነኝ» አሉና ሳቁ። ሁሉም ሳቁ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ፦ እኔ ከባሌ መደበቄን ልተው፣ ሥልጠናውም ለጊዜው ይቅር። ሲራክ ደግሞ ስለ ጮኸብኝ ይካሰኝ። ይህን ሲሰማ እጁን ኪሱ ከተተና ላስቲኩ ያልተላጠ አዲስ ስልክ አወጣ። ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። አበራው፤ ያው የድሮው ኢሜይል ገብቶበታል። ሲም ካርዴን ከአሮጌው አውጥቶ በገዛ እጁ አስገባልኝና አሮጌውን ወሰደው።

«ካሳ ይሉሻል ይሄ ነው!» አሉ ጋሽ ቦጋለ።

ከግድግዳ ጋር ላላትመው ፈልጌ ነበር። ግን የእርቅ ካሳ የመለሰች ሴት ሽማግሌ የረገጠች ናት፤ ከዚያ ወዲያ ብትገደል እንኳ የሚገባላት የለም። የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሜ ተቀበልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ኮት ትጀምራላችሁ ተብለን ነበር፤ ኮት መስፋት ሳልማር ቀረሁ።

ሽማግሌዎቹን ልሸኝ እስከ ውጭ በር ወጣሁ። ጋሽ ቦጋለን ስሰናበት እጄ ላይ ያለው ስልክ ጠራ። ሲራክ ነው፤ ሳሎን ከሶፋው ላይ ሳይነሳ።

«የት ደረስሽ?»

«በሩ ጋ።»

«አየሁሽ። ብርድ ነው፣ ግቢ» አለኝ፣ በለስላሳ ድምፅ።

ጋሽ ቦጋለ ሰምተዋል። ፊታቸው በራ። «አየሽ? እንዲህ የሚያስብልሽ ባል ይዘሽ ነው የምታስቸግሪን» ብለው ግንባሬን ሳሙኝና ሄዱ።

በሩን ዘጋሁና ገባሁ።